ኩባያውን ሰብስቡ፣ የሚቀዳበትን ግን ቁጠሩ



ብዙ ጊዜ እዚህ ገጽ ላይ የምናወራው ስለ ጨጓራ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር ነው። ዛሬ ግን ስለ ኩባያ ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ስለ ቡና ኩባያ። አትሳቁ፣ ዞረን ዞረን ስኳር በሽታ ጋ መድረሳችን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆና ትሠራለች። ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። በነዚህ ዓመታት ከስታርባክስ 31 ኩባያና ተምብለር ሰብስባለች። ከማብሰያው በላይ ያለው መደርደሪያ በሙሉ የእነሱ ነው። የመጀመሪያውን የገዛችው በመጀመሪያ ደሞዟ ነው። ሌላውን መንጃ ፈቃድ ባወጣች ቀን። አባታችን ባረፈ ዓመት መምጣት አልቻለችም ነበር፤ ያን የገና ሰሞን የገዛችው ቀይ ኩባያ እስከ ዛሬ ምንም ተቀድቶበት አያውቅም።

ለእኛም ትልክልናለች። ለእኔ የላከችው ተምብለር በአዳር ተረኝነት ከእጄ አይለይም። ለእናታችን የላከችውን «ዋሽንግተን ዲሲ» የሚል ኩባያ ግን እማዬ የበርበሬ መስፈሪያ አድርጋዋለች። እህቴ በቪዲዮ ስታየው መጀመሪያ ተናደደች፣ ከዚያ ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ባለፈው ዓመት በመከር ወራት አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ልቤ ዝም ብሎ ይመታል። እንቅልፍም የለኝም። ምን ይሻለኛል?»

እኔም ፈጠን ብዬ «ሥራ በዝቶብሽ ነው፣ ጭንቀት ነው፣ ትንሽ እረፍት አድርጊ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ይህን ስጽፍም አፍራለሁ። ለማላውቀው ታካሚ የማልሰጠውን መልስ ለእህቴ ሰጠሁ። ስለ ሲጋራ፣ ስለ ጫት፣ ስለ አልኮል ሁሌ እንጠይቃለን። ስለ ቡና ግን አልጠየቅኳትም። ለእኛ ሰው «ቡና ትጠጣለህ?» ማለት «ውኃ ትጠጣለህ?» እንደ ማለት ስለሆነ ይዘለላል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በቪዲዮ ስናወራ እጇ ላይ ያ ትልቅ ኩባያ ነበር። «ይሄ ስንተኛሽ ነው?» አልኳት። መቁጠር የጀመርነው ያኔ ነው። የቆጠርነውን እናንተም አብራችሁን ቁጠሩ። (ታሪኩን የጻፍኩት እሷን አስፈቅጄ ነው።)

ወቅታዊ መጠጥ ማለት ምን ማለት ነው?

ትልልቆቹ የቡና ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ከሚሸጡት ሌላ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ የሚያቀርቧቸው መጠጦች አሏቸው። በጣም የታወቀው የስታርባክሱ ፓምኪን ስፓይስ ላቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ፤ በየዓመቱ በበጋቸው ማብቂያ ላይ ይመጣል። ስሙ ዱባ ይላል እንጂ ጣዕሙን የሚሰጡት ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ገውዝና ቅርንፉድ ናቸው። እውነተኛ ዱባ የተጨመረበት በ2015 ነው። ገና ሲደርስ ደግሞ የናና ሽታ ያለው ፔፐርሚንት ሞካ ይከተላል። የበዓል ኩባያዎቹም ከ1997 ጀምሮ ዲዛይናቸው እየተቀያየረ በየዓመቱ ይወጣሉ።

ለእህቴ ይህ ቀን መቁጠሪያ ነው። እኛ አደይ አበባ ስናይ ዓመቱ እንደዞረ እንደምናውቀው፣ እሷም ያ ሽታ ሲመጣ «ሌላ ዓመት አለፈ» ትላለች። ስለዚህ «ተዪው በቃ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ምክንያቱን ሳይረዱ የሚሰጥ ምክር ደግሞ አይሠራም።

በአንዱ ኩባያ ውስጥ ስንት ስኳር አለ?

መካከለኛው መጠን «ግራንዴ» ይባላል፣ 473 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ከግማሽ ሊትር ትንሽ ቢያንስ ነው። አንድ ግራንዴ ፓምኪን ስፓይስ ላቴ ከነክሬሙ ወደ 390 ካሎሪ እና 50 ግራም ገደማ ስኳር አለው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ 12 ማንኪያ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ እንሁን። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው የወተቱ የራሱ ስኳር ነው። ምንም ሲረፕ ያልገባበት ተመሳሳይ መጠን ያለው ላቴ 18 ግራም ገደማ አለው። ስለዚህ የተጨመረው 30 ግራም አካባቢ፣ ማለትም ከ7 እስከ 8 ማንኪያ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በ2,000 ካሎሪ ሲሰላ 50 ግራም ነው። ከ5 በመቶ በታች ማለትም 25 ግራም ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል ይላል። እህቴ በቀን ሁለት ትጠጣ ነበር። 60 ግራም! ሌላ ምንም ጣፋጭ ሳትቀምስ ጣሪያውን አልፋዋለች ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በመጠጥ የሚገባ ካሎሪ እንደ ምግብ አያጠግብም። 390 ካሎሪ በእንጀራ ብትበሉ ለሚቀጥለው ምግብ ያን ያህል አትቸኩሉም። በኩባያ ከጠጣችሁት ግን ከሰዓት በኋላ ያው ትበላላችሁ።

«አይ የፈረንጅ ነገር!» ከማለታችን በፊት ግን ወደ ራሳችን ረከቦት እንመለስ። በአንድ ሲኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር የምታደርጉ ከሆነ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ ስትነሱ 6 ማንኪያ ማለትም 24 ግራም ጠጥታችኋል። ከሰዓት ጎረቤት ከጠራችሁ እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ሲኒያችን ትንሽ ስለሆነች ብቻ አይታወቀንም።

ካፌይኑስ?

ለአብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ችግር አያመጣም ተብሎ ይታሰባል። ነፍሰ ጡር እናቶች ከ200 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆኑ ይመከራል።

አንድ ግራንዴ ፓምኪን ስፓይስ ላቴ 150 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። የሚገርመው፣ በዚያው መጠን የሚቀርበው ተራ ጥቁር ፊልተር ቡና ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ነው። ብዙ ሰው ጣፋጩ ነው ጠንካራው ይላል፤ በካፌይን ግን ተራው ይበልጣል።

የእህቴን ሌሊት እንደምር፦

- ሥራ ስትገባ አንድ ላቴ፣ 150
- ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሁለተኛው፣ 150
- ጠዋት መኪና ስትነዳ እንቅልፍ እንዳይወስዳት ትልቅ ጥቁር ቡና፣ ከ300 በላይ

ድምሩ ከ600 ሚሊ ግራም በላይ።

ካፌይን በአማካይ በ5 ሰዓት ውስጥ ነው ግማሹ ከሰውነት የሚወጣው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 300 ከጠጣች፣ ቀትር ላይ 150ው ገና በሰውነቷ ውስጥ ነው። አልጋ ላይ ተኝታ ሳለች አንድ ሙሉ ላቴ አሁን የጠጣች ያህል ማለት ነው። እንግዲህ እንቅልፍ ከየት ይምጣ? እንቅልፍ ስላጣች ማታ ደክሟት ትነሳለች፤ ስለደከማት ሌላ ቡና ትጨምራለች። ክቡ እንዲህ ነው የሚዞረው።

ልብ በሉ፦ ካፌይን በእርግዝና ጊዜና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በሚወስዱ ሴቶች ላይ ከዚህም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። «ዲካፍ» የሚባለውም ቢሆን ትንሽ ካፌይን አለበት እንጂ ዜሮ አይደለም።

ምርመራው ምን አለ?

ከዚያ በኋላ በስልክ መገመቱን ትቼ «ሐኪም ጋ ሂጂ» አልኳት። የልብ ምርመራዋ (ኢሲጂ) ደህና ነበር። የታይሮይድ ምርመራዋም ደህና። ኤ ዋን ሲ የሚባለው፣ የሦስት ወር ገደማ የስኳር መጠንን የሚያሳየው የደም ምርመራ ግን 6.1 ሆነ። ከ5.7 በታች ጤናማ ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው።

እማዬ ዓይነት ሁለት የስኳር ታማሚ ናት። ስለዚህ የእህቴ ተጋላጭነት ከመጀመሪያውም ከፍ ያለ ነበር። ቡናው ብቻውን አመጣው አልልም። የሌሊት ሥራ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ቤተሰባዊ ታሪክ፣ ከዚህ ሁሉ ላይ በየቀኑ የተጨመረው ስኳር ተደራርቦ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ግን በአንድ ቀን መቀየር የሚቻለው ኩባያው ውስጥ ያለው ነው።

መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ይህንን አትዝለሉት

1. የደም ማነስ ኖሮባችሁ አይረን እንክብል የምትወስዱ፦ ቡናም ሻይም አይረን እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ወተትም እንዲሁ ይቀንሰዋል። እንክብሉን በላቴ ወይም በማኪያቶ አትዋጡ። ምግብ በልታችሁም ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ቡና ጠጡ።

2. ለታይሮይድ ሌቮታይሮክሲን የምትወስዱ፦ በባዶ ሆድ በውኃ ውሰዱት፣ ከዚያ ቡና ለመጠጣት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ጠብቁ።

3. ሲፕሮፍሎክሳሲን የታዘዘላችሁ፦ ይህ መድኃኒት ካፌይን ከሰውነት እንዳይወጣ ያዘገያል። በሌላ ጊዜ የማያስቸግራችሁ ቡና ያኔ ልብ ሊያስመታ፣ እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። መድኃኒቱን እስክትጨርሱ ቀንሱ።

ዕቃው ራሱስ ጤናማ ነው?

ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ፤ ከውጭ ዘመድ የላከው ተምብለር የሌለበት ቤት እየጠፋ ነውና። አንድ በአንድ እንየው።

ማይክሮዌቭ፦ በማርች 2024 አሜሪካ ውስጥ ለ2023 የበዓል ስጦታ የተሸጡ፣ የስታርባክስ ስም ያለባቸውና ብረታማ ቀለም የተቀቡ ከ440,000 በላይ ኩባያዎች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲገቡ ወይም በጣም የሞቀ ነገር ሲቀዳባቸው ከመጠን በላይ ግለው ሊሰበሩ ስለሚችሉና የተቃጠሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በዚያ ዓመት የተላከላችሁ የሚያብረቀርቅ ኩባያ ካለ አትጠቀሙበት። በጠቅላላው ወርቃማ ወይም ብርማ ቀለም ያለበት ኩባያ ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም።

የብረት ስትሮው፦ በ2016 ኩባንያው በአሜሪካ ብቻ 2.5 ሚሊዮን ገደማ የብረት ስትሮዎችን ሰብስቧል። ሕፃናት ሲጠጡበት አፋቸውን ስለቆረጣቸው ነው። ስለዚህ ለልጅ የብረት ስትሮው ያለበት ተምብለር አትስጡ። በተለይ እየሮጠ!

እርሳስ (ሌድ)፦ በጃንዋሪ 2024 ስታንሊ ከስታርባክስ ጋር ያወጣውን ሮዝ ተምብለር ለመግዛት ሰው ሲሰለፍና ሲጋፋ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ሳታዩ አትቀሩም። በዚያው ሰሞን ተምብለሮቹ እርሳስ አለባቸው ተባለና ብዙ ሰው ደነገጠ። እውነታው ምንድን ነው? ሙቀት የሚይዙ ባለ ሁለት ግድግዳ ዕቃዎች ከታች በኩል አየር የተመጠጠበት ቀዳዳ አላቸው፤ ስታንሊ ያንን ለመድፈን በሚጠቀምበት ነገር ውስጥ እርሳስ እንዳለ አምኗል። ይህ ቦታ በማይዝግ ብረት የተሸፈነ ስለሆነ መጠጡን አይነካም። የሥረኛው ሽፋን ከተነቀለ ግን መጠቀም አቁሙ፣ ልጆችም እንዳይጫወቱበት።

ጽዳት፦ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለችውን ጎማ አውጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የራሴን አወጣሁ። አውጥቼ ያየሁትን ባልነግራችሁ ይሻላል። ወተትና ስኳር የነካው ጎማ ለባክቴሪያና ለሻጋታ ድግስ ነው። በየቀኑ ክዳኑን ፈታታችሁ፣ ጎማውን አውጥታችሁ፣ ስትሮውን በቀጭን ብሩሽ በሳሙናና በሙቅ ውኃ እጠቡ፤ ከዚያ ተፈታትቶ ይድረቅ። ወተት ያለበትን መጠጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ውጪ አቆይታችሁ አትጠጡ።

ትኩሳት፦ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ገልጿል። ጥፋቱ የቡናው ሳይሆን የትኩሳቱ ነው። ጥሩ ተምብለር ሙቀቱን ለሰዓታት ስለሚይዝ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ትንሽ አቀዝቅዙት። «ቡና በትኩሱ ነው» የምትሉ፣ ሰማችሁ?

ለምን እንሰበስባለን? መቼስ እንጨነቅ?

ዕቃ መሰብሰብ በሽታ አይደለም። ቴምብር የሚሰበስብ አለ፣ ሳንቲም የሚሰበስብ አለ። «ለተወሰነ ጊዜ ብቻ» የሚለው ቃል አእምሯችን ላይ የሚያመልጥ ነገር ያለ ስሜት ይፈጥራል፤ ሻጮችም ይህን በደንብ ያውቁታል። ደስታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመያዙ ይልቅ በመጠበቁና በመፈለጉ ላይ ነው። ለዚህ ነው ኩባያው መደርደሪያ ላይ በወጣ በሳምንቱ ሌላ የሚያምረን።

የሚከተሉት ካሉ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ካልሆነም ባለሙያ አማክሩ፦

- ለቤት ኪራይ ወይም ለሌላ አስፈላጊ ነገር የታሰበው ገንዘብ እየተነካ ከሆነ
- የገዛችሁትን ከቤተሰብ የምትደብቁ ከሆነ
- ሲከፋችሁ ብቻ የምትገዙ ከሆነና ከገዛችሁ በኋላ ጸጸት የሚከተል ከሆነ
- ቤቱ መንቀሳቀሻ እስኪያጣ ከሞላና አንዱንም መስጠት ካልቻላችሁ

እህቴን እነዚህን ጠየቅኳት። «የሚያሳስብ የለም» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ግን «ሲከፋኝ የሚለው አንዳንዴ እውነት ነው» አለች። ስለ ቀዩ ኩባያ ያወራነው የዚያን ቀን ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ስለ እሱ ሁለታችን ብቻ ለረጅም ሰዓት ስናወራ የመጀመሪያችን ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መጠጡን ለምትወዱ፦ አነስተኛውን መጠን («ቶል») እዘዙ። ግራንዴ ውስጥ በተለምዶ 4 ፓምፕ ሲረፕ ይገባል፤ «ዋን ፓምፕ፣ ኖ ዊፕ» ብትሏቸው አንድ ብቻ አድርገው ክሬሙን ይተዉታል። ቅመሙ ከላይ እንዲነሰነስ ጠይቁ፣ ሽታው ይበቃችኋል። በየቀኑ መጠጣቱን ትታችሁ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከምትወዱት ሰው ጋር አድርጉት።

የሌሊት ተረኞች፦ ካፌይኑን ወደ ሥራው መጀመሪያ አምጡት፣ በሁለተኛው አጋማሽ አቁሙ። ጠዋት ከመንዳታችሁ በፊት እንቅልፍ ከተጫናችሁ 20 ደቂቃ ሸለብ አድርጉ። ዓይናችሁ እየተከደነ ከሆነ ግን ቡናን አምናችሁ መሪ አትጨብጡ።

ቤት ውስጥ ለምትጠጡ፦ ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፣ ምላስ ይለምዳል። ጥሩ ቡና የራሱ ጣዕም አለው። ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳማ የሚሉት ስሞች ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው እኮ አገራችንና ስታርባክስ ተከራክረው በ2007 ስምምነት እስከ መፈራረም ደርሰዋል። ያንን ጣዕም በስኳር መሸፈን ያሳዝናል።

በአንድ ጊዜ አታቁሙ፦ ብዙ ካፌይን የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ራስ ምታትና ድካም ይይዘዋል። በአንድና በሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ ቀንሱ።

ወዲያውኑ ሐኪም ቤት፦ የልብ ምት መፍጠኑ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ «ቡናው ነው» ብላችሁ ቤት አትቆዩ።

እህቴ እንዴት ሆነች?

ልቧ መምታቱን በሦስተኛው ሳምንት አቆመ። እንቅልፏ ከአራት ሰዓት ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ከፍ አለ። ከአራት ወር በኋላ ኤ ዋን ሲዋ 5.8 ሆነ። ገና ከ5.7 በታች አልወረደም፣ ግን መንገድ ላይ ናት። ዘንድሮም አዲሱ ወቅት ሲመጣ ኩባያውን ገዝታለች፤ 32ኛው መሆኑ ነው። መጠጡን በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ፣ ትጠጣለች።

ባለፈው ሰሞን አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ቀዩን ኩባያ ከመደርደሪያው አውርዳዋለች። የቀዳችበት ሻይ ነው፤ ቀረፋ፣ ዝንጅብልና ቅርንፉድ ያለበት፣ ስኳር የሌለው። ከሥር እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ዶክተርዬ፣ ይኸው። ሽታው ያው ነው። የአባዬ ሻይ ነው የሚሸተው።»

እናንተም ዛሬ ማታ እጃችሁ ላይ ያለው ኩባያ ስንተኛችሁ እንደሆነ ቁጠሩ። ውጭ ለሚኖር፣ ሌሊት ለሚሠራ ወንድም እህታችሁ ይህን ጽሑፍ አጋሩት። ከላካችሁ በኋላ ግን ደውሉም። «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ፤ ምን እንደሚጠጡ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ጠይቁ። እኔ ይህን ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ነው፣ የሐኪምዎን ምርመራና ምክር አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።

ጤና ይብዛላችሁ!